ዘንዶው፣ በረዶውና ቆጣሪው

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ በምትገኘው ሰንደርላንድ ከተማ፣ ከአንድ የእሳት አደጋ ጣቢያ ጀርባ፣ ከቆሻሻ መጣያ ውስጥ አንድ የትራስ ልብስ ተገኘ። ሲፈታ 13 ዘንዶዎች ወጡ። አንዱ ሞቷል። በማግስቱ እዚያው ቦታ ሌሎች ሁለት የትራስ ልብሶች ተገኙ፤ በእነዚህም ውስጥ 15 ዘንዶዎችና አንድ ሌላ ዓይነት እባብ ነበሩ። ጠቅላላ ድምሩ 29። ወሩ ፌብሩዋሪ፣ አገሩ እንግሊዝ፣ መጠቅለያው ስስ ጨርቅ።

እንዲህ ያለ ዜና አብዛኛውን ጊዜ የሚነበበው ለመገረም ነው። «ፈረንጅ ደግሞ የማያሳድገው የለም» ተብሎ ይታለፋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ በሚባልበት አገር ለዘንዶ የሚያዝን አንባቢ ማግኘትም ቀላል አይደለም። ከትራስ ልብሱ ጀርባ ግን የኤሌክትሪክ ዋጋ አለ፣ የአፍሪካ የወጪ ንግድ አለ፣ የመብራት መጥፋት አለ፣ ሻጭን ነፃ አውጥቶ ገዢን ብቻ የሚጠይቅ የሕግ አሠራርም አለ። የወቅታዊ ጉዳይ ተከታታይ ቆም ብሎ ቢያየው የሚያተርፍበት ነገር ነው።

የተጣሉት እንግሊዞች «ሮያል ፓይተን»፣ አሜሪካኖች ደግሞ «ቦል ፓይተን» የሚሏቸው የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ዘንዶዎች ናቸው። መኖሪያቸው ከሴኔጋል እስከ ዩጋንዳ የተዘረጋው ሞቃት ምድር ነው። ሲደነግጡ ራሳቸውን መሐል ቀብረው እንደ ኳስ ስለሚጠቀለሉ አሜሪካኖቹ ያንን ስም አወጡላቸው። መርዝ የላቸውም፤ አብዛኞቹም ከአንድ ሜትር ተኩል አያልፉም። በኢትዮጵያ «ዘንዶ» ሲባል ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው ቅዱስ ጊዮርጊስ ከፈረሱ እግር ሥር በጦር የሚወጋው አውሬ ነው። ይኼኛው ዘንዶ ግን በልጅ ክንድ ላይ ተጠምጥሞ የሚያንቀላፋ ዓይነ አፋር ፍጥረት ነው። አይጮኽም፣ ፀጉር አያራግፍም፣ ጠዋት ጠዋት ይዘኸኝ ውጣ አይልም፤ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ አንድ አይጥ ከተሰጠው ይበቃዋል። በለንደን ወይም በበርሊን ጠባብ አፓርታማ ለሚኖር ሰው ከውሻ የተሻለ ይመስላል።

የሚመስለው ግን በጋ ላይ ነው።

እባብ «ደመ ቀዝቃዛ» ነው እየተባለ በትምህርት ቤት ይነገራል። አባባሉ ያሳስታል። ደሙ ቀዝቃዛ እንዲሆን የሚፈልግ እባብ የለም፤ ሙቀቱን ራሱ ማምረት ስለማይችል ከውጭ ይበደራል እንጂ። ሰው ከበላው ምግብ አብዛኛውን የሚያቃጥለው የገላውን ሙቀት ለመጠበቅ ነው። እባብ ይህን ወጪ ለፀሐይ፣ ለድንጋይና ለምሥጥ ኩይሳ ጥሎታል። በወር ጥቂት ጊዜ ብቻ በልቶ መኖር የቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቶጎ ውስጥ ይህ ብልህነት ነው፤ ፀሐይዋ በነፃ ትሠራለች። ጥር ላይ በማንቸስተር ወይም በሚኒያፖሊስ ግን ፀሐይዋን የሚተካት አንድ የኤሌክትሪክ ሶኬት ብቻ ነው።

ይህ ዘንዶ ጤነኛ ሆኖ እንዲኖር የሣጥኑ አንዱ ጫፍ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ሌላው ጫፍ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ መሆን አለበት። ሁለት ጫፍ የሚያስፈልገው እንስሳው ራሱ እየመረጠ እንዲመላለስ ነው፤ ሲበላ ወደ ሙቁ፣ ሲጠግበው ወደ ቀዝቃዛው። ሙቀቱ ሲወርድ መጀመሪያ የሚቆመው ሆዱ ነው። የዋጠው አይጥ ሳይፈጭ ውስጡ መበስበስ ይጀምርና ይተፋዋል። ቀጥሎ ሳንባው ይያዛል፤ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ ትንፋሹ ያፏጫል። እንደ ሰው ስለማይንቀጠቀጥና ስለማያቃስት ብዙ ባለቤት የሚያውቀው ከሳምንታት በኋላ ነው። ነገሩን የሚያባብሰው ደግሞ ይህ ዘንዶ በብርድ ወራት ጤነኛ ሆኖም ሳለ ለወራት ምግብ እምቢ ማለቱ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ «ጊዜው ነው» ብሎ ይጽናናል፤ ሣጥኑ ግን ቀዝቅዞ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚናገረው በሁለቱም ጫፍ የተቀመጠ ቴርሞሜትር ብቻ ነው።

(በነገራችን ላይ፣ ሙቀት የምታመርት ዘንዶ ጭራሽ የለችም ማለት አይደለም። የሕንድ ዘንዶ እንቁላሏን ታቅፋ ስትተኛ ጡንቻዋን እያንቀጠቀጠች ከአካባቢዋ አየር በበርካታ ዲግሪ ትሞቃለች። ላማር ፒኮ የተባለ ፈረንሳዊ ተጓዥ ይህን እ.ኤ.አ. በ1832 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ሲናገር የሚያምነው አላገኘም። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ቫለንሲየን በዚያው በፓሪስ የእንስሳት ማቆያ ቴርሞሜትር አስገብቶ አረጋገጠለት። የምዕራብ አፍሪካዋ ዘንዶ ግን ይህ ችሎታ አልተሰጣትም፤ እንቁላሏን የምትጠብቀው ዙሪያውን ተጠቅልላ ሙቀቱ እንዳያመልጥ በመከለል ነው።)

እንግዲህ ሥራው ምንድን ነው? ከባድ አይደለም፤ ሆኖም የሚያቋርጥበት ቀን የለም። የሴራሚክ ማሞቂያ ወይም በጣሪያው ላይ የሚገጠም የማሞቂያ ሰሌዳ ያስፈልጋል። ከሥር የሚነጠፈው ማሞቂያ ምንጣፍ ሆዱን እንጂ አየሩን አያሞቅም፤ ቤቱ ቀዝቃዛ ከሆነ ብቻውን አይበቃም። ከሁሉም በላይ ቴርሞስታት ያስፈልጋል፤ ሙቀቱ ልኩ ላይ ሲደርስ የሚያጠፋ፣ ሲወርድ የሚያበራ። ያለ ቴርሞስታት የተተወ ማሞቂያ እባቡን ይጠብሰዋል። እባብ ከሚያቃጥለው ነገር ላይ ቶሎ አይነሳም፤ ሆዱ ቆስሎም ተኝቶ ይገኛል። ድሮ ይሸጡ የነበሩት የሚሞቁ ሰው ሠራሽ ድንጋዮች በስንቱ እባብ ሆድ ላይ ጠባሳ እንደጣሉ የእንስሳት ሐኪሞች ያውቁታል። መስታወት ሙቀት ስለሚያባክን እንጨት ወይም ፕላስቲክ ሣጥን ይሻላል፤ ክዳኑ ወንፊት ከሆነ ግማሹን መሸፈን፣ ጀርባውንና ጎኑን በፎም መልበስ፣ ከመስኮትና ከወለል ማራቅ። ይህን ሁሉ የጻፉት፣ የሞከሩትና ለሌላው ያስተማሩት በአብዛኛው ራሳቸው አሳዳጊዎቹ ናቸው። በዚህ በኩል ሊመሰገኑ ይገባል።

ዋጋውስ? እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ አይከፋም። ባለ 100 ዋት ማሞቂያ ቴርሞስታቱ የቀኑን ግማሽ ቢያበራው በ24 ሰዓት 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ይህ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለሃያ ደቂቃ ያህል ቢሠራ የሚፈጀው ማለት ነው። ምንም አይደለም የሚባል ነው። ግን እንጀራ ጋጋሪ ምጣዷን ነቅላ ትሄዳለች፤ ዘንዶ ያለው ሰው ለሃያ ዓመት አይነቅልም። በብሪታንያ በ2021 መጨረሻ አንድ ኪሎዋት ሰዓት በአማካይ 21 ፔንስ ገደማ ነበር፤ ዩክሬን ከተወረረች በኋላ፣ በኦክቶበር 2022፣ መንግሥት ደጉሞትም 34 ፔንስ ሆነ። ስለዚህ ያ አንድ ሣጥን በወር ከሰባት ፓውንድ ተኩል ወደ አሥራ ሁለት ፓውንድ ተሻገረ።

ሆኖም ትክክለኛው ወጪ ከዚህም ይበልጣል፤ ምክንያቱ ብዙ ሰው አያስበውም። በዚያ ክረምት (የሐምሌ ዝናብ ሳይሆን ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ያለው በረዶ ማለት ነው) ቤተሰቦች የቤታቸውን ማሞቂያ ቀነሱ። ጀርመን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከ19 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቁ ደንብ አወጣች። ክፍሉ በቀዘቀዘ ቁጥር የዘንዶው ማሞቂያ የሚሠራበት ሰዓት ይረዝማል። ግማሽ ቀን ይበራ የነበረው ቀኑን ሙሉ ወደ መብራት ይጠጋል፤ ሒሳቡም ወደ 24 ፓውንድ ያመራል። ባለቤቱ በአንድ በኩል ለመቆጠብ ያጠፋውን በሌላ በኩል ይከፍላል። አንድ ሣጥን ያለው ይችለዋል። ልጁ ሲያምረው ሁለተኛ፣ ቀለሙ ሲያጓጓው ሦስተኛና አራተኛ የጨመረ፣ ሥራውን ያጣ ሰው ግን የሚቀረው ምርጫ ጠባብ ነው። የብሪታንያው የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር አርኤስፒሲኤ በዚያን ጊዜ የሞቃት አገር እንስሳት ያላቸው ሰዎች ሒሳብ ፈርተው ማሞቂያ እንዳያጠፉ ለመለመን የተገደደው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሁሉ መብራት እስካለ ድረስ ነው። መብራት ሲጠፋስ?

ፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ ላይ የወረደው በረዶ መልሱን ሰጥቷል። ከ4.5 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች ኃይል ተቋረጠባቸው፤ አንዳንዶቹ ለቀናት። በዓለም ሀብታም አገር፣ በነዳጅና በጋዝ በታወቀው ግዛት፣ ሰዎች የቤት ዕቃ እየሰባበሩ አነደዱ። የግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት በይፋ የቆጠረው የሟች ቁጥር 246 ነው። ብርድ ከገደላቸው ሌላ፣ ለመሞቅ ሲሉ መኪና ጋራዥ ውስጥ አስነስተው፣ ጄኔሬተርና የከሰል ምድጃ ቤት አስገብተው በካርቦን ሞኖክሳይድ ያለቁ አሉ። በሂውስተን ከሟቾቹ መካከል ከኢትዮጵያ የሄዱ ሰዎችም ነበሩ። ከሰል አስገብቶ ተኝቶ ያልተነሳ ሰው ታሪክ ለአዲስ አበባ ነዋሪ አዲስ አይደለም፤ በቴክሳስ ይደገማል ብሎ የጠረጠረ ግን አልነበረም።

በዚያው ሳምንት በሳውዝ ፓድሬ ደሴት ወደ 5,000 የሚጠጉ በብርድ የደነዘዙ የባሕር ኤሊዎች በበጎ ፈቃደኞች ጀልባና መኪና ተጭነው የከተማው የስብሰባ አዳራሽ ወለል ላይ ተደረደሩ። ፎቶው ዓለምን ዞረ። ማሞቂያቸው ጠፍቶ በየመኝታ ቤቱ የቀዘቀዙትን እባብና እንሽላሊት ግን የቆጠራቸው የለም። ፎቶ የሚያነሳቸውም አልነበረም።

እዚህ ላይ «ሰው በብርድ በሚሞትበት ስለ እባብ ማውራት ነውር አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። በዚያ ሌሊት ሣጥኑ አጠገብ የነበረው ሰው ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ እንዲያስብ የተገደደው ማንም አስቀድሞ ስላልነገረው ነው። ቤት ውስጥ ሙቀት የሚፈልግ ሌላ ነፍስ ያለበት ሰው ጄኔሬተሩን ወደ ውስጥ ለመጎተት፣ ከሰሉን ለማስገባት አንድ ምክንያት ይጨመርለታል። እንስሳውን ማዳን የሚቻልበት መንገድ ቀድሞ የተዘጋጀበት ቤት ለሰዎቹም አደጋው ያነሰ ነው።

መንገዱም አለ። በኢትዮጵያ የአንድ ቀን ጫጩት ያሳደገ ሰው በከፊል ያውቀዋል። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ትፈልጋለች፤ ከዘንዶው ሙቅ ጫፍ ጋር ተቀራራቢ ነው። መብራት እየጠፋ ጫጩት ሲያልቅበት የኖረ ገበሬ ሃይቦክስ የሚባለውን፣ ዙሪያው በሣር የታጨቀ ሣጥን ይጠቀማል፤ ጫጩቶቹ በራሳቸው ሙቀት ተጠባብቀው ያድራሉ። ዘንዶ ላይ ግን ይህ ዘዴ ግማሹ ብቻ ነው የሚሠራው። ጫጩት ሙቀት ታመርታለች፤ ዘንዶ አያመርትም። ብርድ ልብስ ሙቀት አይሠራም፣ ያለውን ያቆያል እንጂ። መብራት በጠፋ ጊዜ ዘንዶውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ የተኛ ሰው የሚያደርገው መቀዝቀዙን ማዘግየት ነው።

ስለዚህ ሁለቱንም ማጣመር ነው ያለው። መብራት እንደጠፋ ሣጥኑን አለመክፈት፤ ዙሪያውን አየር ማስገቢያውን ሳይደፍኑ በብርድ ልብስ መሸፈን። ሰዓቱ ከረዘመ ዘንዶውን በጨርቅ ከረጢት አድርጎ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ባለው የፎም ሣጥን ውስጥ ማኖር፤ ከጎኑ በጋዝ ምድጃ የሞቀ ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ፣ በፎጣ ጠቅልሎ ማስቀመጥ፤ ሲቀዘቅዝ መቀየር። ውሃው እባቡን በቀጥታ እንዳይነካው፤ ሣጥኑ ውስጥም ቴርሞሜትር ይኑር። ምግብ አለመስጠት፤ ሆዱ ባዶ የሆነ ዘንዶ ብርድን በተሻለ ይቋቋማል። ጤነኛ የሆነ ትልቅ ዘንዶ ሙቀቱ ወደ 20 ዲግሪ ለጥቂት ሰዓት ቢወርድ አይሞትም፤ ቀናት ሲሆን ነው የሚጎዳው። ጄኔሬተር ካለ ውጭ፣ ከበርና ከመስኮት ርቆ። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ከዘንዶው ማሞቂያ በፊት ይገዛ። ምንም ከሌለ ደግሞ የሰው ገላ አለ፤ 37 ዲግሪ ነው፣ ሒሳብም አይጠይቅም። ዘንዶን ከረጢት ውስጥ አድርጎ ሹራብ ሥር ማቀፍ ለአበሻ ጆሮ የሚከብድ ምክር ነው፤ ግን ይሠራል።

አሁን ወደ ሥሩ እንሂድ። እንዲህ ያለ አደራ የሚጠይቅ እንስሳ እንዴት እንደ መጫወቻ ረከሰ?

እ.ኤ.አ. ከ1975 ወዲህ ከምዕራብ አፍሪካ ከሦስት ሚሊዮን በላይ የዚህ ዓይነት ዘንዶዎች በሕጋዊ መንገድ ከነሕይወታቸው ተልከዋል። ዋናዎቹ ላኪዎች ቶጎ፣ ቤኒንና ጋና ናቸው፤ ትልቋ ገዢ አሜሪካ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ገበሬዎችና አዳኞች በጎሬና በምሥጥ ኩይሳ ውስጥ እንቁላል ያረገዘች ወይም የታቀፈች እናት ይቆፍራሉ፤ እንቁላሉ በነጋዴው ግቢ ይፈለፈላል፤ ጫጩቱ በሺህ ተቆጥሮ በአውሮፕላን ይጫናል። ዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ንግዱን አይከለክልም፤ ፈቃድና ኮታ ይጠይቃል እንጂ። ለቆፋሪው ገበሬ የሚደርሰው ሣንቲም ነው፤ ትርፉ ከባሕር ማዶ ነው። ቡና ላይ የታየው ታሪክ እባብ ላይ ተደግሟል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያው ምድር ሌላ ሥዕል አለ። በቤኒን፣ በዊዳ ከተማ፣ ከካቶሊክ ባሲሊካው ፊት ለፊት የዘንዶዎች ቤተ መቅደስ ይገኛል። በቮዱን እምነት ዘንዶ የተከበረ ነው፤ አይገደልም። ከቤተ መቅደሱ ወጥቶ ጎረቤት ቤት የገባውን ሰዎች አንስተው ይመልሱታል። ማሞቂያ የለም፣ ቴርሞስታት የለም፣ ወርኃዊ ሒሳብ የለም። አየሩ ራሱ ይበቃል። ያው እንስሳ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ከተቆፈረ በሳጥን ታሽጎ ወደ ቺካጎ ይሄድና የሕይወቱ ዋስትና የአንድ ፊውዝ ጤንነት ይሆናል።

ነጋዴዎች «ዛሬ የምንሸጠው እዚሁ የተራባ ነው» ይላሉ። ብዙው እውነት ነው። በተለይ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ነጭ፣ ቢጫና ዝንጉርጉር ቀለም ያላቸውን ማዳቀል ትልቅ ገበያ ሆኗል። ግን አሜሪካ ውስጥ መፈልፈሉ ዘንዶውን አሜሪካዊ አላደረገውም። አያቱ ቶጎ የፈለገችውን 32 ዲግሪ እሱም ይፈልጋል። ርካሽነቱ ደግሞ ከሁለቱም ወገን እየተደማመረ፣ የእንስሳው ዋጋ ከማሞቂያውና ከቴርሞስታቱ ዋጋ በታች የወረደበት ጊዜ ብዙ ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። ሰው ዕቃ የሚጠብቀው በገዛበት ዋጋ ልክ ነው።

ፍሎሪዳ የዚህን ቸልተኝነት ሌላ ጫፍ አሳይታለች። ከቤት አምልጠው ወይም ባለቤቶቻቸው ሰልችቷቸው የለቀቋቸው የበርማ ዘንዶዎች በኤቨርግሌድስ ረግረግ ተራብተው የዱር አጥቢ እንስሳትን አመናምነዋል። በጃንዋሪ 2010 ያልተለመደ ብርድ ሲመጣ ተመራማሪዎች የሬዲዮ ምልክት ካሰሩላቸው አሥር ዘንዶዎች ዘጠኙ ሞቱ። ብዙ ሰው «ብርዱ ጨረሳቸው» ብሎ ተነፈሰ። አልጨረሳቸውም፤ የተረፉት ተራቡ። በ2012 የአሜሪካ መንግሥት የበርማውንና ሌሎች ትልልቅ ዘንዶዎችን ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ከተከለከሉት አንዱ በኢትዮጵያ ቆላም የሚኖረው ትልቁ የአፍሪካ ዘንዶ ነው። ትንሹ ቦል ፓይተን ግን ከዝርዝሩ ውጭ ነው፤ ገበያው እንደ ቀጠለ ነው።

ታዲያ ይከልከል? አይመስልም። ኖርዌይን ማየት ይበቃል። ለአሥርት ዓመታት ማንኛውንም ተሳቢ እንስሳ ቤት ውስጥ ማሳደግ ከልክላ ነበር። እገዳው ግን አሳዳጊዎቹን አላጠፋም፤ ደበቃቸው። የታመመ እባብ ወደ ሐኪም መውሰድ ራስን ማጋለጥ ነበርና። በ2017 መንገዷን ለውጣ 19 ዝርያዎችን ብቻ ፈቀደች፤ ከመካከላቸው ይኸው ዘንዶ አለ። የተፈቀደው ተዘርዝሮ ሌላው ሁሉ የሚከለከልበት አሠራር ከሁለቱም ጽንፍ ይሻላል። ቢያንስ አንድ ባለሥልጣን ቁጭ ብሎ «ይህን እንስሳ በዚህ ብርድ ተራ ሰው ሊያኖረው ይችላል ወይ?» ብሎ ጠይቋል ማለት ነው።

እንግሊዝም ሕግ አጥታ አይደለም። የ2006ቱ የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ባለቤቱ ለእንስሳው ተስማሚ አካባቢ እንዲያዘጋጅ ያስገድዳል፤ የ2018ቱ ደንብ ደግሞ ሻጭ ፈቃድ እንዲኖረውና ለገዢው ስለ አያያዙ መረጃ እንዲሰጥ ያዛል። መረጃ ማለት ግን በተግባር አንድ ወረቀት ሊሆን ይችላል፤ ገዢ ከረጢቱ ውስጥ ከትቶት የሚረሳው። ማሞቂያው ሲጠፋ ተጠያቂው ባለቤቱ ብቻ ነው፤ ሻጩ ገንዘቡን ቆጥሮ ጨርሷል።

መለወጥ ያለበት ይህ ነው። ሻጭ እንስሳውን ከማስረከቡ በፊት ሣጥኑ በገዢው ቤት ተተክሎ፣ ቴርሞስታቱ ተስተካክሎ፣ ለሳምንት ሳይቋረጥ ሙቀቱን ጠብቆ መዋሉን በፎቶም ቢሆን አይቶ ማረጋገጥ አለበት። በደረሰኙ ላይ ከእንስሳው ዋጋ ሥር የዓመቱ የኤሌክትሪክ ግምት በወቅቱ ታሪፍ ተሰልቶ ይጻፍ፤ ማቀዝቀዣ ሲሸጥ የሚበላው ኃይል ተለጥፎበት አይደለም ወይ? መብራት ለ24 ሰዓት ቢጠፋ ገዢው ምን እንደሚያደርግ ይጠየቅ፤ መልስ ከሌለው አይሸጥለት። ባለቤቱ አቅም ሲያጣ ሻጩ እንስሳውን መልሶ የመቀበል ግዴታ ይኑርበት። ይህ የመጨረሻው ለነጋዴ መራራ ነው፤ ነገር ግን የሚመለስ ዕቃ የሚጠብቅ ነጋዴ ለማን እንደሚሸጥ ማሰብ ይጀምራል። የመሸጫ ዋጋው ይወደዳል? ይወደድ። ሠላሳ ክረምት የሚኖር ፍጥረት በምሳ ዋጋ መሸጡ ነው ትክክል ያልሆነው።

«ሠላሳ ክረምት» ሲባል ደግሞ የተጋነነ እንዳይመስል። በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ የእንስሳት ማቆያ አንዲት ቦል ፓይተን ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1961 ከአንድ ግለሰብ ነው የተሰጠቻቸው። በጁላይ 2020፣ ቢያንስ 62 ዓመት ሲሆናት፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ወንድ አጠገቧ ሳይደርስ ሰባት እንቁላል ጣለች፤ ዜናውም ስለ እንቁላሉ ነበር። በሚዙሪ ጥር ከዜሮ በታች ይወርዳል። ኬኔዲ ፕሬዚዳንት ከነበሩበት ጊዜ አንስቶ እስከ ኮሮና ዘመን ወደ ስልሳ የሚጠጋ ክረምት በተፈራረቀ ቁጥር፣ ያ የመጀመሪያ ባለቤት ካስረከባት በኋላ፣ አንድ ሰው በየማለዳው ወደ ሣጥኗ ቀርቦ ቴርሞሜትሩን ሲያነብ ኖሯል።